የሚያየው የማን ዓይን ነው?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 7 ቀን 1905፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር በኦሎሞውትስ ከተማ፣ ኤድዋርድ ዚርም የተባለ የዓይን ሐኪም የሁለት በሽተኞችን ዕጣ አገናኘ። አንዱ አሎይስ ግሎጋር የሚባል የ45 ዓመት የጉልበት ሠራተኛ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ኖራ አቃጥሎት ሰው እየመራው የሚሄድ ሆኗል። ሌላው ካርል ብራወር የተባለ የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ የብረት ስባሪ የገባበት ዓይኑ ሊድን ስላልቻለ መውጣት ነበረበት። ዚርም ከወጣው ዓይን ፊት ለፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያውን፣ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ በግሎጋር ሁለት ዓይኖች ላይ ተከለው። አንደኛው አልያዘም። ሁለተኛው ግን ያዘ፤ ሰውየውም አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሌላ ሰው በተወሰደ ኮርኒያ ሰው ብርሃኑን መልሶ ሲያገኝ በታሪክ የመጀመሪያው ይህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓይን የሚያየው ማን ነው? ሠራተኛው ነው የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ነገር ግን ብርሃን የሚገባበት መስኮት የልጁ ሥጋ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓይን ሕክምና አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ይህ ጥያቄ አብሮት ሄዷል፤ በየዘመኑም መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ መልኩን ለውጧል።

መጀመሪያ ጥያቄው የተነሣው በሙታን አካል ላይ ነበር። በ1930ዎቹ ቭላዲሚር ፊላቶቭ በኦዴሳ ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ኮርኒያ እንደሚሠራ በብዙ ሕሙማን ላይ ካሳየ በኋላ፣ ጉዳዩ ከሐኪሞች አልፎ ለካህናት፣ ለረቢዎችና ለዑለማዎች ደረሰ። የጣሊያኑ ቄስ ዶን ካርሎ ኞኪ ታሪክ እዚህ ላይ ሊነገር ይገባዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈንጂ እጅ እግራቸውን የቆረጣቸውን ልጆች ሰብስቦ ሲያሳድግ የኖረ ካህን ነው። በፌብሩዋሪ 1956 ሚላን ውስጥ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ፣ ሁለቱ ኮርኒያዎቹ ለሁለት ዓይነ ስውር ልጆች እንዲሰጡ ጠየቀ። በጊዜው ይህን የሚፈቅድም የሚያስተካክልም ሕግ በጣሊያን አልነበረም። ሐኪሙ ቼዛሬ ጋሌያጺ ግን ኑዛዜውን ፈጸመ፤ ልጆቹም አዩ።

ነገሩ አገሩን በሙሉ አነጋገረ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሜይ 14፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፒዮስ 12ኛ የኮርኒያ ለጋሾችን ማኅበርና የዓይነ ስውራንን ማኅበር ተወካዮች ተቀብለው ስለ ጉዳዩ በሰፊው ተናገሩ። ከሞተ ሰው ኮርኒያ መውሰድ በራሱ ለሟቹ የሚገባውን ክብር መድፈር አለመሆኑን ገለጹ፤ ነገር ግን ማንም እንዳይገደድ፣ የቤተሰብም ሐዘን እንዳይረገጥ አጥብቀው አሳሰቡ። በተከታዩ ዓመት የጣሊያን ምክር ቤት ሕግ አወጣ። አንድ የሚሞት ሰው የጠየቀው ነገር ሕግን ቀድሞ ሄደ፤ ሕጉም በኋላ ተከተለው።

በአይሁድ ሕግ ዘንድ ችግሩ ከዚህም ይከብድ ነበር፤ ከሬሳ ጥቅም ማግኘት ክልክል፣ መቅበርም ግዴታ ነውና። ኋላ የእስራኤል ዋና ረቢ የሆኑት ኢሰር ይሁዳ ኡንተርማን ለዚህ የሰጡት መልስ ከሁሉም የሚደንቅ ነው። የተተከለው ኮርኒያ በሕያው ሰው ዓይን ላይ ሲይዝ ራሱ ሕያው ይሆናል፤ ስለዚህ ከሙት አካል መጠቀም አይባልም አሉ። ዓይነ ስውርነት በሕይወት ላይ የሚደርስ አደጋ ስለሆነም ለማዳን ሲባል ብዙው ክልከላ ይነሣል ብለው ጨመሩ። በ1978 የሳዑዲ ዐረቢያ ታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት የኮርኒያ ንቅለ ተከላን ፈቀደ። በስሪ ላንካም ሐኪሙ ሐድሰን ሲልቫ በ1961 የመሠረቱት የዓይን ልገሳ ማኅበር፣ ዓይኖቹን ለለማኝ አውጥቶ ስለሰጠው ንጉሥ በሚተርከው የቡድሃ ሃይማኖት ታሪክ ላይ ቆሞ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮርኒያዎችን ወደ ውጭ አገር ሳይቀር ልኳል። እነዚህ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር አይስማሙም። ስለ ዓይን ሲጠየቁ ግን እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ይህ ሊዘነጋ የማይገባው እውነት ነው።

ይሁንና የተፈቀደው ስጦታ የማይጠቅማቸው ዓይኖች ነበሩ።

ኮርኒያ በመሃሉ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅኑን በአብዛኛው በእንባው በኩል ከአየር ይቀበላል። ከላይ የሚሸፍነው ቆዳ አምስት ስድስት ረድፍ ሴሎች ብቻ ነው። እነዚህ ሴሎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ሰው ዓይኑን በጨፈነና በገለጠ ቁጥር የላይኞቹ ይረግፋሉ፣ በእንባ ይታጠባሉ፣ በሌሎች ይተካሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሽፋኑ ጠቅላላ ይታደሳል። ተተኪዎቹ የሚመጡት ከመሃል አይደለም። የዓይን ጥቁሩ ከነጩ በሚገናኝበት ዙሪያ፣ ሊምበስ በሚባል ጠባብ ቀለበት ውስጥ፣ ስቴም ሴሎች ይኖራሉ። እነርሱ እየተከፈሉ ልጆቻቸውን ወደ መሃል ይልካሉ። ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች፣ ዳቫንገርና ኤቨንሰን፣ ይህን በ1971 ጠቁመው ነበር፤ በ1980ዎቹ የተደረጉ ምርምሮች አረጋገጡት።

ኖራ፣ አሲድ ወይም የቀለጠ ብረት ያንን ቀለበት ዙሪያውን ሲያቃጥለው የሚሆነው አሳዛኝ ነው። የነጩ ሽፋን ከነደም ሥሩ በጥቁሩ ላይ እየተሳበ ይወጣል። ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ብርሃን ያሳምመዋል፤ ቁስሉ እየዳነ መልሶ ይከፈታል። በዚህ ዓይን ላይ የዶን ኞኪን የመሰለ ኮርኒያ ቢተከል እንኳ፣ ከሰጪው ጋር የመጣው የላይኛ ሽፋን ጊዜውን ጨርሶ ሲረግፍ የሚተካው የለም። ደግ ሰው ያወረሰው መስኮት በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጋረዳል። ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ለእነዚህ ሰዎች የሚሰጡት ምክር፣ ንቅለ ተከላው ለእናንተ አይሆንም የሚል ነበር።

መፍትሔው በ1997 ከጣሊያን መጣ። ግራዚዬላ ፔለግሪኒና ባልደረቦቿ ከታካሚው ደህና ዓይን ሊምበስ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ካሬ የምታህል ብጣሽ ወስደው በላቦራቶሪ አባዙት፤ ያደገውን ስስ ሽፋንም በተቃጠለው ዓይን ላይ አኖሩት። በ2010 የዚሁ ቡድን ውጤት 112 ታካሚዎችን ይዞ ወጣ፤ ከእነዚህ በ76.6 በመቶው ዓይኑ ጠርቶ ቆይቷል፤ አንዳንዶቹን እስከ አሥር ዓመት ተከታትለዋቸዋል። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ሕክምናውን ሆሎክላር በሚል ስም ፈቀደ። በላቦራቶሪ ከተባዛ ስቴም ሴል የተሠራ መድኃኒት በአውሮፓ ሲፈቀድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሕንድ ውስጥ በሃይደራባድ የኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም ባልደረባ የነበረው ቪሬንደር ሳንግዋን ደግሞ ላቦራቶሪውን አስቀረው። በ2012 ባወጣው ዘዴ፣ ሐኪሙ በዚያው በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከደህናው ዓይን የወሰደውን ሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ብጣሽ ስምንት አሥር ቦታ ይከታትፈዋል። የተቃጠለውን ዓይን ጠባሳ ይገፍፍና በእንሽርት ውሃ ሽፋን ያለብሰዋል፤ ከእንግዴ ልጅ ተገፍፎ የሚዘጋጅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ነው። ከዚያ ክትፎቹን ክብ ሠርቶ እንደ ዘር ይበትናቸዋል፤ በፋይብሪን ማጣበቂያም ያስይዛቸዋል። በሳምንታት ውስጥ ከየክትፉ የሚወጡት ሴሎች ተያይዘው ዓይኑን ይሸፍናሉ። በ2016 የ125 ታካሚዎች ውጤት ሲታተም 76 በመቶ ያህሉ ተሳክቶላቸው ነበር፤ በአውሮፓ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት የላቦራቶሪ ሥራ ጋር የሚተካከል ውጤት ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ የጥንቱ ጥያቄ የተዘጋ ይመስላል። የራስ ሴል ለራስ ዓይን፤ ለጋሽ የለ፣ ሬሳ የለ። የጥንት ፈላስፎች ሳንቃዋ አንድ በአንድ እየተነቀለ በአዲስ ስለተተካባት መርከብ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ያችው መርከብ ናት ወይስ ሌላ? የማንኛውም ሰው ዓይን እንደ ያች መርከብ ነው። ባለፈው ወር ያየንበት ሽፋን ዛሬ የለም፤ ዓይኔ የምንለው ግን ሳይቋረጥ ይኖራል። እንግዲህ ማንነት በሥጋው ቁራጭ ላይ ሳይሆን በሚያድሰው ምንጭ ላይ ነው ብንል፣ የታካሚው ቀኝ ዓይን ለግራው ምንጭ ሆነ እንጂ ከእርሱ ውጭ ምንም አልገባም ማለት ነው።

ነገር ግን ቀርቦ ላየው እውነቱ እንደዚያ አይደለም። የጣሊያኑ ሽፋን የሚያድገው ጨረር መከፈል ባስቆማቸው የአይጥ ሴሎች ምንጣፍ ላይ ነው፤ ያለ እነርሱ እገዛ ስቴም ሴሎቹ ባሕርያቸውን ጠብቀው አይቆዩም። ፋይብሪኑ ከሰው ደም ፕላዝማ የሚወጣ ነው። በሃይደራባድ ዓይኑን የሚያለብሰው ሽፋን አንዲት እናት ስትወልድ የለገሰችው ነው፤ ያች እናት የማንን ዓይን እንዳለበሰች አታውቅም። የራስ የሚባለው ሕክምና እንኳ ሌላ ፍጡር ሳይዝ አልተሳካም። ሰው አካሉን በር እንደተዘጋ ቤት አድርጎ ሲያስብ ይሳሳታል፤ የዓይን ስቴም ሴል ሕክምና ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ ያሳያል።

ስለ ስቴም ሴል ሲነሣ ብዙ አማኝ ቶሎ የሚያስበው ስለ ጽንስ ነው። በ1998 አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን ከሰው ጽንስ ስቴም ሴል ለይቶ ካሳደገ ጀምሮ ክርክሩ አልበረደም፤ ሴሎቹን ለማግኘት ገና ቀናት የሆነው ጽንስ ይፈርሳልና። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከፅንሰት ጀምሮ ያለውን ሕይወት ስለምታከብር አጥብቃ ተቃወመች። በአይሁድ ሊቃውንት ዘንድ ከ40 ቀን በፊት ያለው ጽንስ እንደ ውሃ ይቆጠራል የሚል የታልሙድ ነገር አለ። በእስልምና ብዙ ሊቃውንት ነፍስ የሚነፋው በ120 ቀን ነው ይላሉ። የዓይን ሽፋን ጥገና ከሞላ ጎደል ከዚህ ሁሉ ውጭ ሆኖ ያደገው፣ ሴሎቹ የአዋቂ ሰው ስለሆኑ ነው።

ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በወዳጁ የመካንነት ክሊኒክ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አንድ ጽንስ አይቶ ሴት ልጆቹን እንዳሰበ፣ ሌላ መንገድ ፍለጋውንም ያ እንዳጠናከረው ተናግሯል። በ2007 የአዋቂ ሰው ቆዳ ሴል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ማንኛውም ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሆኖ እንዲነቃ አደረገ፤ በ2012 ኖቤል ተሸለመ። የኦሳካው ኮጂ ኒሺዳ በዚሁ ዘዴ የኮርኒያ ሽፋን ሠርቶ በ2019 ለመጀመሪያዋ ታካሚ ተከለላት፤ የአራት ታካሚዎች ውጤትም በ2024 ታተመ። ጽንስ አልፈረሰም። ሕሊና ሳይንስን ያዘገየው ብቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ያደረገውም እንደሆነ ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ከባዱ ጉዳይ ሁለቱም ዓይኖቹ የተቃጠሉበት ሰው ነው። ብጣሽ የሚወሰድበት ደህና ዓይን የለውም። ወይ ከወንድም ከእኅት፣ ወይ ከሞተ ሰው መምጣት አለበት፤ ሰውነቱ እንዳይገፋውም ለረጅም ጊዜ የበሽታ መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል። የግሎጋር ጥያቄ እዚህ ላይ በሙሉ ጉልበቱ ይመለሳል፤ በወንድሜ ሴል የሚያይ ዓይን የማን ነው?

በእንግሊዝ አገር በኢስት ግሪንስቴድ የሚሠሩ ሐኪሞች በ2005 ያወጡት ጥናት ለዚህ ያልታሰበ ነገር አሳየ። ከሌላ ሰው የተወሰዱ የሊምበስ ሴሎችን በላቦራቶሪ አባዝተው በ10 ዓይኖች ላይ ተከሉ፤ ሰባቱ ተሻሻሉ። ከዚያ በየጊዜው ከዓይኑ ገጽ ሴል እየወሰዱ ዲ ኤን ኤውን መረመሩ። ከ9 ወር በኋላ የሰጪው ዲ ኤን ኤ በአንዱም ላይ አልተገኘም፤ ዓይኖቹ ግን ጤነኛ ሆነው ቆይተዋል። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ የእንግዳው ሴል መምጣት በተቃጠለው ዓይን ውስጥ ተደብቀው የቀሩትን የባለቤቱን ጥቂት ሴሎች ሳያነቃቸው አልቀረም የሚል ነው። ሰጪው መጣ፣ ሠራ፣ ሄደ፤ የቀረው የተቀባዩ ነው።

ከ1,600 ዓመት በፊት ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲጽፍ ከዚህ የሚቀራረብ ጭንቅ ተነሥቶበት ነበር። በረሃብ ዘመን ሰው የሰው ሥጋ ቢበላ፣ ያ ሥጋ በትንሣኤ የማን ሆኖ ይነሣል? ብለው ጠየቁት። ሥጋው መጀመሪያ ሰው ወደሆነበት ሰው ይመለሳል፤ ሁለተኛው የተበደረ ያህል ነው፤ የጎደለውንም ፈጣሪ ከፈለገበት አምጥቶ ይሞላዋል ብሎ መለሰ። የላቦራቶሪ ውጤት የሃይማኖት ማስረጃ አይደለም፤ ማንም እንደዚያ አድርጎ መውሰድ የለበትም። ያም ሆኖ በውሰት የገባ ሥጋ የሚለው አሳብ ለሕሙማኑ ከፍልስፍና ያለፈ ማጽናኛ አለው።

ይህ በኢትዮጵያ ውስጥ ሩቅ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ2003 ተቋቁሟል፤ ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተዋል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሲነሣ፣ «ዓይኑ ወጥቶ እንዴት ይቀበራል? ያኔስ እንዴት ይነሣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ሊናቅ አይገባም፤ ትንሣኤ ሙታንን ከልቡ የሚጠብቅ ሰው ጥያቄ ነውና። መልሱም ከዚያው ከእምነቱ ውስጥ ይገኛል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተሰበረች ሲል ገድላቸው ይተርካል፤ በሥዕላቸውም ያለ እርሷ ይታያሉ። ጻድቁ ጎዶሎ ሆነው ይነሣሉ ብሎ የሚሰጋ ምእመን ግን የለም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ታሪክ መምህራን ሲያስተምሩም፣ ጌታ ፊቱ ልሙጥ ለነበረው ሰው በጭቃ ዓይን ሠራለት ይላሉ፤ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ሄሬኔዎስም አዳም ከአፈር የተፈጠረበት እጅ ያው ነው ሲል ጽፏል። ከአፈር ዓይን መሥራት የሚችል አምላክ ከመቃብር ዓይን ለማስነሣት የብሌኑን መኖር አይጠይቅም። በዚህ እምነት ውስጥ አካል የሰው ንብረት ሳይሆን አደራ ነው ማለት ይቻላል፤ አደራም ለተቸገረ ሰው ሲደርስ አልጠፋም።

ሌላው እውነት ሕክምናው ሁሉን የማይደርስ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ብርሃኑን የሚያጣበት ትራኮማ ኮርኒያውን የሚያጠቃው ወደ ውስጥ በዞረ የዓይን ፀጉር ነው፤ ሽፋሽፍቱ ሳይስተካከልና ዓይኑ ደርቆ ሳለ የሚተከል ስቴም ሴል በከንቱ ይሞታል። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና፣ ንጹሕ ውሃና ኖራ ሲበጠብጡ መነጽር ማድረግ ከማንኛውም ላቦራቶሪ ይቀድማሉ። ከዚያ ቀጥሎ ድሀ አገር ሊከተለው የሚገባው የሃይደራባድን መንገድ ነው።

አዲሱ ጥያቄ ግን ገና መልስ አላገኘም። ዶን ኞኪ ሁለት ኮርኒያ ለሁለት ልጆች ሰጠ፤ ሰጪውም ተቀባዩም ተቆጥረው ያበቃሉ። ኦሳካ ውስጥ የተተከለው ሽፋን ግን የመጣው ከሌላ ጤነኛ ሰው ሴሎች ነው፤ እንዲህ ያለ የአንድ ሰው ሴል ያለ ገደብ ተባዝቶ ለብዙዎች ሊሆን፣ በኩባንያ እጅም ሊገባ ይችላል። ከሞተ ሰው ኮርኒያ ሲወሰድም ሐኪሙ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ መሃሉን ብቻ ነው፤ ስቴም ሴሎቹ ያሉበት ዙሪያው ቀለበት ይተርፋል፤ ወደ ምርምርም ሊሄድ ይችላል። ቤተሰብ በሐዘኑ መካከል «ለአንድ ዓይነ ስውር» ብሎ የፈረመው ወረቀት ይህን ሁሉ ይጨምራል? ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ ማንም አይገደድ ያሉት ነገር ዛሬ ማንም ሳያውቅ አይስጥ ወደሚል መስፋት አለበት። ፈራሚው ሴሉ ሊባዛ እንደሚችል፣ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ሊሸጥም ይችል እንደሆነ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በነጻ ከተሰጠ ሥጋ የተባዛውን መድኃኒት ሰጪው የወጣበት ሰፈር ሰው ሊገዛው የማይችል ከሆነም፣ የሚጠየቀው የፈረመው ቤተሰብ ሳይሆን ዋጋውን የሚተምነው ነው።